አሥር ሰከንድ

ኮትካ ገና አልነጋም፤ ወደቡ በረዶ ነው፤
ለሁለት ሩብ ጉዳይ ስልኬን የሚያስጮኸው
ቱሊኪ ናት ደግሞ፣ ከጭነት ክፍሉ፦
«ሲርኩ፣ ዛሬም ጠፋች፤ ነይ ብለውሻል ሁሉ።»

የጠፋችው «ቲ» ናት፤ ፊደል ናት ብቻዋን፣
የሃያ ዓመት ሰነድ ያጎበጠው ጫንቃዋን።
የጥዱ ግንድ ስንት ሜትር፣ የቱ መርከብ ጫነው፣
ማን ፈርሞ ተረከበ፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ ነው።

ካፖርቴን ሳላወልቅ ወንበሯ ላይ ተቀመጥኩ፤
ከፎልደሯ ሥዕል ጎን ቀይ ምልክት ተመለከትኩ።
ሰርቨሩን በስሙ ጠራሁት፤ «አቤት» አለኝ።
በቁጥሩም ጠራሁት፤ አሁንም «አቤት» አለኝ።
ኬብሉን ነቅዬ ሰካሁ፤ አረንጓዴው በራ፤
የይለፍ ቃሏ ደህና፤ ስሟም ከባለፈቃድ ተራ።
ትእዛዙን በእጄ ስጽፍ «ቲ» ከች ትላለች፣
ዘግታ ስትከፍተው ግን መልሳ ትጠፋለች።

«ምን አስቀየምናት?» አለ ኢልፖ ከበሩ፤
ውጭ ሦስት የጭነት መኪና ያጓራል ሞተሩ።

እንግዲህ የቀረኝ የመግቢያው ስክሪፕት ነው፤
አሥራ ዘጠኝ መስመር፣ ቬይኮ የጻፈው።
ቬይኮ ካረፈ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው።
እሱ አርፏል። ስክሪፕቱ ግን በየጧቱ ይነሣል፣
ለሰማንያ ሰው ቁልፍ እየዞረ ያድላል።

ታች ወርጄ ሳነብ፣ ከሰባተኛው መስመር
ማስታወሻ አገኘሁ፤ ማሽን የማያነበው ምክር፦
«ይህ ኔትወርክ እንደ እኔ ነው፤ ጧት ቶሎ አይነሣም፤
አሥር ሰከንድ ደጅ ጥኑት፤ ውለታ አይረሳም።»

ምክሩ አለ፤ ከሥሩ ግን ጥበቃው ተቆርጧል።
ማን እንደነካው ደግሞ መዝገቡ ይናገራል፦
ባለፈው ጥቅምት፣ ዓርብ፣ ከምሳ በኋላ፣
ሲርኩ።
እኔው ነኝ እንጂ ማንም አይደለም ሌላ።

«ኮምፒውተሩ ሲከፈት ያረጃል» ብለው ቢያማርሩ፣
አሥር ሰከንድ ቆጥቤ ነበር ለአገሩ።
ያኔ ምንም አልሆነ። ሰኞ የገባው ስዊች ግን
ከእንቅልፉ ሲነቃ ያዛጋል፣ ያፍታታል ወገቡን፤
ስክሪፕቱ ቀድሞት ሮጦ የተዘጋ በር ያንኳኳል፣
«የለም» ሲሉት አይደግምም፤ ጀርባውን ሰጥቶ ይሄዳል።
የቸኮልኩት እኔ፣ ያፈሰስኩት እኔ፣
ስለቅም አረፈድኩ ይኸው በጉልበቴ ተንበርክኬ፣
ከጠረጴዛዋ ሥር፣ ከአቧራና ከኬብል መካከል።

መስመሯን መለስኳት። ቱሊኪ አጥፍታ አስነሣች፤
ሦስታችን ቆመናል፤ እሷ በጣቷ ትቆጥራለች።
አራት ላይ ኢልፖ ሳቀ፤ ስድስት ላይ ዝም አለ፤
ዘጠኝ ላይ ከውጭ የመኪና ጡሩምባ አየለ።
አሥር።
«ቲ» መጣች፤ እንዳልጠፋች፣ እንዳላስጮኸች ሰው፣
የጥዱን ግንድ በሜትር ቆጥራ ይዛ እንደያኔው።

ቱሊኪ ማተም ጀመረች። እኔ ካፖርቴን ቆለፍኩት።
«ምን ሆና ነው?» አለ ኢልፖ። «ኔትወርኩ ነው» አልኩት።
ሐሰት አይደለም፤ ግማሹን ነው ያስቀረሁት።