ቀሪ ሂሳብ

ሰኞ፣ ሲሚንቶ ነው። ነጋዴው ይለኛል፦
«ቁልሉን ከሥር አንሳው፣ ተራራ ይመስላል።»
ተንበርክኬ አነሳሁ። አቧራው ሌንሴ ላይ
እንደ ዱቄት ሰፍሮ፣ ተራራው ሳይታይ፣
ከኋላው የተኛው ጫኝ ነበር የወጣ።
ነጋዴው ሰረዘው፦ «ይሄ ከየት መጣ?»

ማክሰኞ፣ ኮረብታ። ነጫጭ ተርባይኖች።
«ለዓመቱ ሪፖርት ነው፤ ሳቂታ ልጆች
ከፊት ይቁሙልን።» ልጆቹን ለመንኩ፣
አህያ ነድተው እስኪመለሱ ጠበቅኩ።
ነፋሱ ባርኔጣ ከራሴ ሲነጥቅ፣
ያኔ ነው የመጣው ያልተከፈለ ሳቅ።

ቅዳሜ፣ ሙሽሮች። «ድሮን ላክ» ይላሉ፤
ከላይ ሲታዩ ግን ጉንዳን ያካክላሉ።
የሙሽሪት እናት ጥግ ላይ፣ ጫማ አውልቃ፣
እግሯን ስታሻሽ ነው፤ የኔ ፎቶ በቃ።
እሷን ግን አልሸጥኩም።

*

የራሴ ሥራ የምለውም አለኝ፤ ማንም አላዘዘኝም።
ሦስት ዓመት ሙሉ፣ አርብ አርብ፣ ፀሐይ ሲቀዘቅዝ፣
ከድሮው ባቡር ጣቢያ አጥር ሥር ቆሜ
የሰው ጀርባ አነሳለሁ። ጀርባ ብቻ።
ፊት ይከፈልበታል፤ ጀርባ ነጻ ነው።
የሎተሪ አዟሪው ጀርባ፣ ላብ ካርታ የሳለበት፤
ጎማ የተሸከመ የባጃጅ ሹፌር፤
ሐዲዱ ላይ ተቀምጣ፣ ባቡር እንደማይመጣ እያወቀች፣
በየመሀሉ ወደ ድሬ አቅጣጫ የምታይ ልጅ።
«ኤግዚቢሽኑ መቼ ነው?» ትለኛለች ባለቤቴ።
«ሲሞላ።»
«ምን ሲሞላ?»
እሱን ገና አላወቅኩም።

*

ከባንኮኒው ሥር ደግሞ የብስኩት ቆርቆሮዎቹ አሉ።
ጋሽ ዘርጋው ሱቁን ሲያስረክበኝ
ከካሜራው አስቀድሞ የሰጠኝ እነሱን ነው፦
ኔጋቲቮች፣ ቀብድ ተከፍሎባቸው ባለቤት ያልወሰዳቸው።
«ቀሪውን ይዘው ይመጣሉ» አለኝ፤
ይሄን ሲለኝ ሠላሳ ዓመት አልፎት ነበር።
የየፖስታው ማኅተም «ፎቶ ዘርጋው፣ ናዝሬት» ይላል።
ከተማው አዳማ ሲባል እነሱ አልሰሙም።
በመብራት ካየኋቸው ፀጉራቸው ነጭ ነው፦
ወጣት ሆነው ተነሥተው
ቆርቆሮ ውስጥ ሸበቱ።

ባለፈው ጥቅምት አንዲት ሴት ከወንጂ መጣች፤ አስካለች ላምቤቦ።
አባቷ ሸንኮራ ቆራጭ ነበር። በስድሳ ዘጠኝ፣ ሊዘምት ሲል፣
«ናዝሬት ፎቶ ተነሥቻለሁ፣ ሄዳችሁ አምጡት» ብሏቸው ነበር።
መጀመሪያ ገንዘቡ ጠፋ፤ ቀጥሎ እሱ።
ደረሰኙን በፌስታል ጠቅልላዋለች፣
የቁጥሩን መጨረሻ እጥፋቱ በልቶታል፦
አራት መቶ አሥራ አንድ ይሁን አሥራ ሰባት አይለይም።
ሁለቱንም አወጣሁ።
አንዱ ሕፃን ነው፣ ትራስ ተደግፎ።
ሌላው ጎልማሳ፤ የስቱዲዮውን ኮት ለብሷል፣
እጅጌው ረዝሞበት ጣቶቹ ብቻ ወጥተዋል።
በስልኬ ገልብጬ ጥቁሩን ነጭ፣ ነጩን ጥቁር አደረግሁላት።
ብዙ አየችው። ጣቶቹን ቆጠረች።
«እሱ አይደለም። የአባቴን ይቺን ጣት ቆንጨራ ወስዷታል።»

ይቅርታ ልላት አፌን ስከፍት
«ግድ የለም፣ አትምልኝ» አለች።
«አባቴ ፎቶ የለውም።
ይሄ ደግሞ ሰው የለውም።»

ዋጋ ስትጠይቀኝ የፖስታውን ጀርባ አነበብኩ፦
ጠቅላላ ሦስት ብር፣ ቀብድ አንድ፣ ቀሪ ሁለት።
ሁለት ብር በሳንቲም ቆጥራ ባንኮኒው ላይ አኖረች።
የዛሬ ወረቀት እንኳ በዚያ አይገዛም፤
ተቀብዬ፣ በጋሽ ዘርጋው መዝገብ፣ በጋሽ ዘርጋው እስክርቢቶ ቀለም
«ተከፍሏል» ብዬ ጻፍኩ።

ማታ ኮምፒውተሩን ከፍቼ
ከሲሚንቶው ነጋዴ ፋይል የተሰረዘውን ጫኝ ፈለግሁት።
አለ። ክንዱን ተንተርሶ፣ ቅንድቡ ግራጫ ሆኖ።
አትሜ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት።
ስም፦ አላውቅም።
ቀብድ፦ የለም።
ቀሪው ከኔ ነው።