ከደረጃው ሥር

ሙሐረቅ ውስጥ፣ ከዓሣ ተራው ጀርባ፣
ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማታሳልፍ አንዲት ስርጥ አለች፤
ስም የላትም፣ ቁጥር እንጂ፤ ቁጥሯንም ሁለቴ ቀይራለች፤
ለዚህ ነው ፖስተኛው፣ ደብዳቤውን በእጁ ይዞ፣
«ሙና፣ ይህ የማነው?» የሚለኝ፣ በፀሐይ ፈዝዞ።

ሃያ አንድ ዓመቴ ነው፤ ቤቶቹን በአቧራቸው አውቃቸዋለሁ።
ቁጥር ሁለት ጨው ያራግፋል፤ ግድግዳው የባሕር ድንጋይ ነው፣
ከጥልቁ ተፈልጦ በአህያ የመጣ፤ በነሐሴ ያልበዋል እንደ ሰው።
አሠሪው ሻሂን ነው ይላሉ፣ የሉል ነጋዴ፣ ሚዛኑ ከነሐስ፤
አንዲት ሉል በቀይ ጨርቅ ቋጥሮ ሄዶ ከቦምባይ እስኪመለስ
ሦስት ክፍል ነበረ ቤቱ፤ ሲመለስ አሥራ አንድ ሆነ፤
ነፋስ ቁልቁል የሚጠራ ማማም በጣራው ላይ ገነነ።

ቁጥር አራት ቀና። «ወንድሜ ይበልጠኝ?» ብሎ
በአንድ ክንድ አስረዘመ ግንቡን፣ ልጁን ሳይድር ተበድሮ።
ቁጥር ስድስት የአበዳሪው፤ ጠላቂ ሁሉ የእርሱ ባለዕዳ፤
አባት ሲሰጥም ልጅ ይጠልቃል፤ መዝገቡን ውኃ አይጎዳ።

ከዚያማ ጃፓን ሉልን እንደ ሽምብራ ዘራችው አሉ፤
ሻሂኖች መጀመሪያ ምንጣፉን፣ ቀጥሎ መዝጊያውን ሸጡ በሙሉ።
ነዳጅ ሲፈልቅ ልጆቹ ወደ ሪፋ ወጡ፣
መኪና የሚገባበት ቤት ፈልገው፤ ስርጧን ረሱ፣ ለአይጥ ሰጡ።
የቀረችው አሮጊቷ ብቻ ነበረች፣ እሜቴ ነጅማ፤
ባሕሩ በአፈር ተደፍኖ ከሄደ በኋላ እንኳ
ማዕበሉ ማታ ማታ ይሰማት ነበር።

እኔ ያኔ መጣሁ። «ሙሉዓለም» አልኳት ስሜን።
«ረዘመ» አለች። «ሙና ይበቃል።»
አልጋዬ ከደረጃው ሥር፤ ጣሪያው ሰያፍ ነው፣ ቀና ያለ ራሱን ይመታል።
ሙሉ ዓለም ከደረጃ ሥር ተኛ።

እሜቴ ስትሞት ወራሾቹ አርባ ሦስት ሆኑ፤
አርባ ሦስት እጅ በአንድ ብዕር አይፈርም፤ አልጋ አከራዩ እስኪወስኑ።
በእንግዳ መቀበያው ስምንት የቺታጎንግ ሰው፣ በነፋሱ ማማ የልብስ ገመድ፤
ቁጥር አራት ላይ ልብስ ሰፊ፣ ቁጥር ስድስት ላይ የስልክ ካርድ።
የሚጠበሰው ዓሣ ሽታ ሻሂን ባስጌጠው ጂብስ ላይ ያርፋል፤
እስከ ዛሬ አለ፤ ጠጋ ብሎ ላሸተተው ይታወቃል።

አሁን መንግሥት ገዝቶ አደሰው። ትኬት አለው። ቁልፉ በእኔ እጅ ነው።
አስጎብኚዋ ሹሩቅ ጥሩ ልጅ ናት፤ ሁሉን ታስረዳለች፤
ሚዛኑን፣ ማማውን፣ ቀዩን ጨርቅ ታሳያለች፤
ከደረጃው ሥር ሲደርሱ «ዕቃ ቤት» ብላ ታልፋለች።

አዳሾቹ ያን ጓዳ ሲፍቁ አምስት ቀለም ወጣ።
ላይኛው ነጭ የእኔ ነው፣ በበዓል ዋዜማ የቀባሁት።
ከሁሉም በታች፣ ልስኑ ላይ፣ በሚስማር የተጫሩ መስመሮች፣
አምስት አምስት የታሰሩ፤ ቀን ይሁኑ፣ ጠልቆ የወጣበት፣ እንጃ።

እሜቴ አንድ ሌሊት፣ ትኩሳት ይዟት፣ ነግራኝ ነበር፤
«እዚያ የሚተኛ መርጃን የሚሉት ነበረ፣ የአያቴ ጠላቂ፤
ከአገርሽ፣ በታጁራ በኩል የተሸጠ።
እኔን ልጅ ሳለሁ በትከሻው ይሸከመኝ ነበር፤ ጆሮው አይሰማም።»
መርጃን ማለት ይኸው የባሕር ድንጋይ ነው፤ በግድግዳው ስም ጠሩት።
«ከመርጃን በፊትስ?» አልኳት።
ዝም አለች። ፎጣውን ገለበጥኩላት።
«ማን ያውቃል? ረዝሞ ይሆናል።»

እኔና እሱ አንድ አይደለንም፤ ውሸት አልናገርም።
እኔ ደሞዝ አለኝ፤ ፓስፖርቴም ከመሳቢያዋ ወጥቶልኛል።
በላኩት ገንዘብ ኮምቦልቻ ላይ ባለፎቅ ቤት ቆሟል፤
ልስን ይቀረዋል፤ ቁጥርም ገና አልተሰጠው።
ትናንት ወንድሜ ይመር ደወለ፤ ግንበኛው ቆሞ ይጠብቃል፤
«ከደረጃው ሥር ያለችውን ምን እናድርጋት?»
«መስኮት» አልኩት።
«ለእሷ?» አለ፤ መስመሩ ተቋረጠ፤
ጎብኚዎች በሩን ይመታሉ።