ክፍት መመለሻ

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ከዚች ጠባብ መስኮት
ለኢስታንቡል ሰው ሸኘሁ፣ በቲኬት ላይ ቲኬት።
"ስንት ሰዓት ይፈጃል?" "አሥራ ስምንት፣ ከፈጠነ።"
"ድልድዩ ላይ ባሕሩ ይታያል?"
"በግራ ለተቀመጠ፣ ሌቱ ነግቶ ከሆነ።"
እንዲህ እያልኩ ኖርኩ፣ እንዳየ ሰው ሆኜ፣
ተሳፋሪ ባመጣው ወሬ ተማምኜ፤
እኔ ግን ከሪዜ ወዲያ አልፌ አላውቅም።
"ያላዩት አገር፣" ይላሉ፣ "አይናፍቅም።"

ውሸት ነው።
እኔን ናፍቆኛል፣ ያውም በዝርዝር፣
በመቀመጫ ቁጥር።

ዘንድሮ የሻይ ቅጠሉ ለቀማ ሲያበቃ
አለቃዬ፣ "ዙኽቱ፣" አለኝ፣ "ሦስት ቀን፣ በቃ።
ወንበርህም ይረፍ።"

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ሻይ ቤት ገብቶ ኖሮ
ሦስቱን ቀን ተካፈለው፣ መንደር ተማክሮ።
ፀጉር ቆራጩ ሙኻረም፣ "መጀመሪያ ቤተ መንግሥቱን፣
ከዚያ ትልቁን መስጊድ፣ ከዚያ የወርቅ ገበያውን፣
ጊዜ ከተረፈህ በመርከብ ደሴቶቹን።"
የፋርማሲዋ ልጅ በስልኬ ካርታ ላከችልኝ፤
ቀይ ነጥብ፣ ቀይ ነጥብ፣ ቀይ ነጥብ፤
ከተማው ኩፍኝ የያዘው ሕፃን መሰለኝ።
አማቼ ደግሞ፣ ከድልድዩ ሥር የሚጠበስ አሣ በዳቦ፤
"ሎሚ ጨምርበት" አለኝ።
እሱም በልቶት አያውቅ፤ ሎሚውን ግን ያውቃል።

ሳፊናዝ ደብተር አወጣች፣ በማስመሪያ አሰመረች፦
ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ እሑድ፤
ከምሳ በፊት፣ ከምሳ በኋላ።
"አንቺስ?"
"የእኔ ጉልበት አሥራ ስምንት ሰዓት አይታጠፍም።
አንተ አይተህ ና፤ ስትነግረኝ ግን አሳጥረው።"

ማታ፣ እሷ ስትተኛ፣ ላጲስ ይዤ ተቀመጥኩ።
ቤተ መንግሥቱን አጠፋሁ፤ ሱልጣኑ እንደሁ አይጠብቀኝ።
ደሴቶቹን አጠፋሁ፤ ባሕርማ እዚህም ደጄ ላይ ነው።
የወርቁን ገበያ ሳጠፋ ወረቀቱ ተቀደደ፤
ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ላይ አንድ ቀዳዳ ቀረ።
እሱን ወደድኩት።
አሣውን አልነካሁም፤ ሎሚውንም።

የቀረውን ለሳፊናዝ አልነገርኳትም፦
መናኸሪያው ላይ ልቆም ነው።
ጥግ ይዤ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ክብ ዳቦ እየገመጥኩ፣
ሰው ከአውቶቡስ በወረደ በመጀመሪያው አምስት ደቂቃ
ምን እንደሚያደርግ ልመለከት ነው።
ወደ ቀኝ ይታጠፋል? ወደ ግራ? ሻንጣው ላይ ይቀመጣል?
ያቺ የስፌት መኪናዋን በብርድ ልብስ ጠቅልላ
"መመለሻ አልፈልግም" ያለችኝ፣ ባለ አሥራ ዘጠኝ ቁጥሯ፣
በየትኛው በር ወጣች?
ላገኛት አይደለም፤ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ሰው አይፈለግም።
በሩን ብቻ፤ ወዴት እንደሚከፈት።
ይህን ሁሉ ሰው የሰደድኩበትን አገር
ደጁን እንኳ ልወቀው።

ዛሬ ጠዋት ለራሴ ቆረጥኩ።
አሥራ አራት አይሆንም፣ ጣሪያው ያንጠባጥባል፤
ከኋላ ጎማው ላይ የሰው አንጀት ይናወጣል፤
ሦስት ቁጥር፣ በግራ።
የመመለሻ ቀን ከሚለው ሳጥን ስደርስ ብዕሬ ቆመ፤
"ክፍት" ብዬ ጻፍኩ፤ ማኅተሙ በላዩ ታተመ።

ከዚያ ዞሬ ወጣሁ፣ ከመስኮቱ ማዶ ቆምኩ፣
ገንዘቤን ልከፍል።
አንገቴን ሰበር አደረግሁ፤ አልበቃም። ጎንበስ አልኩ።
ለካ ይህ ሁሉ ሰው
ይህን ሁሉ ዘመን
ጎንበስ ብሎ ነው ከእኔ የገዛው።

ተተኪዬ ቱንጃይ፣ ሥራ ከያዘ ስድስተኛ ቀኑ፣
"ሌላ የሚጠይቁት አለ፣ አጎቴ?" አለኝ።
"አለ" አልኩት በቀዳዳው፤
ድምፄ የሌላ ሰው ሆነብኝ፤
"ድልድዩ ላይ ሲደርስ፣ ባሕሩ ይታያል?"

"ይታያል ይላሉ።"