ሁለት ነጥብ አንድ

ከኮምቦልቻ ነው የገዛሁት፣ ከተበተነ ባንድ፣
ጠፍጣፋ ጥቁር ሣጥን፣ ግንባሩ ላይ አረንጓዴ ቁጥር የሚነድ።
ሻጩ እንድሪስ፣ ድሮ ቤዝ ይጫወት የነበረ፣
ብሩን ሁለቴ ቆጥሮ
“ያኮርፋል እንጂ ጥሩ ነው” ብሎኝ፣ በሩን ዘግቶ ቀረ።

ሐረጎን በሚኒባስ ወጣን፣ እኔ ወንበሩ፣ እሱ ጭኔ ላይ፤
ረዳቱ የሁለት ሰው ሒሳብ ጠየቀኝ፣ ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ።
በየጥምዝምዙ የሆነ ነገር ሆዱ ውስጥ ይንቃጨላል፤
ጉም መስኮቱን ሲጋርደው፣ “ደሴ ደረስን” ይባላል።

ቤት ገባሁ። ሰካሁት። ጊታሬን ከፊቱ፣ አምፑን ከጀርባው።
ቀይዋ መብራት ቦግ አለች፤
ጭራዋን እንደ ተረገጠች ድመት ጮኸ፤
ጎረቤት በፒጃማ ወጣ፣ ምን እንደ ነካው።

ዘጠና ዘጠኝ ፕሮግራም። አንድ በአንድ ሞከርሁ፦
“አዳራሽ” የሚሉት ውስጥ ገብቼ መውጫው ጠፍቶኝ ቀረሁ፤
“ትንሽ ክፍል” የሚሉት የሽንት ቤት ድምፅ አለው፣
“ዋሻ” የሚሉትን ደግሞ ጤነኛ ሰው አይከፍተው።
የባቲን መነሻ መታሁ፣ አንዲት ኖታ፣ ቀስ አድርጌ፤
ሰጠመች።
ውሃ ብቻ ቀረ፣ ከፊቴም ከኋላዬም፣ ከግርጌ።

እኔም አስተካክል፣ እሱም ይረሳ።
መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር፣ የሠራሁት ሁሉ የለም፤
እንደ ገና ከዜሮ ልነሣ።

ሙህዬ ራዲዮ ጠጋኙ፣ የክብሪት ቀፎ በምታህል ሱቁ፣
ክዳኑን ፈቶ ሲያየው ትከሻዎቹ በሳቅ ወደቁ፦
“ሆዱ ያለችው ባትሪ ሞታለች፣ ለዚህ ነው ሁሌ የሚረሳ።
ሌላው ግን ያንተ ጥፋት ነው፣ ይኼን በሱ አታሳብ።
ከአምፑ ፊት ምን ያቆመዋል? ከመሃል፣ ከሆዱ አስገባው፤
ድምፁ መጀመሪያ ይብሰል፣
ይኼ’ኮ መከለሻ ነው!
ማነው ሽንኩርቱ ሳይቁላላ መከለሻ የሚነሰንሰው?”
በየደ። ጠረገ። አስረከበኝ።
የባትሪዋን ብቻ አስከፈለኝ፤ የምክሩን አልጠየቀኝ።

እናቴ ሃያ ስድስት ዓመት ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ፣
ሽመና ክፍል ቆማ፣ ማሽኑ ከጆሮዋ ሳይርቅ፣
ጡረታዋን ይዛ ወጣች፣ ጆሮዋን እዚያው ትታ።
ክር ሲበጠስ በመዳፏ ነበር የምታውቀው፤
እና ማታ ማታ
ከጎኔ ትቀመጥና
መዳፏን ስፒከሩ ላይ ታሳርፋለች፣ ዝም ብላ፣ ለጨዋታ።

አንድ ማታ መታሁ። እሷም፦
“አለ” አለች። “አለ።”
ቆየች። “አለ።”
“ኧረ ይኼ ልጅ፣ አሁንም አለ!
‘ደኅና እደሩ’ ብሎ ተነሥቶ፣
በሩን ይዞ የሚያወራ እንግዳ መሰለ።”

ዓይኔን ከእጇ ሳልነቅል
ከአምስት ሰከንድ ወደ አራት፣ ከአራት ወደ ሦስት ወረድሁ፤
ከምቱና ከጥላው መሃል
ከጥቅሻ ያነሰች ክፍተት ጨመርሁ።
“አሃ” አለች፣ “አሁን ሁለት ሆኑ፤ አንደኛው ይቀድማል፣
ሁለተኛው ጫማ እስኪያደርግ በር ላይ ይጠብቃል።”
ውሃውን ቀነስሁ፣ ከአምስት እጅ አንድ እጅ እስኪቀር።
ሁለት ነጥብ አንድ ላይ
መዳፏ ተነሣ፣ ቀስ ብሎ፣ እኔ ድምፁን ካጣሁበት ጋር።

“ይኼኛው ጨዋ ነው” አለች፣
“መሄጃውን ያውቃል።”
ሻሿን አስተካክላ ገባች። እራት ይጠብቃል።

በፕላስተር ላይ ጻፍሁት፣ ለጠፍሁት ከቁልፉ ሥር።
ቅዳሜ፣ ሆቴል ውስጥ፣ ኪቦርዲስቱ ኑርዬ ጎንበስ አለ ሊበረብር፦
“ይኼን ድምፅ ከየት አመጣኸው? የስንተኛው ነው ቁጥር?”
ነገርሁት። አሥራ ሰባት። ሁለት ነጥብ አንድ።
የእጇን ነገር ግን ዋጥሁት፤ እንዴት ብዬ ልናገር?

ሁለተኛው ዙር ላይ፣ እጄ ክሩን እንደ ለቀቀ፣ መብራት ሄደ።
ጅራቱ ከመሃል ተቀነጠሰ፤
ባዶዋ ክር ብቻ፣ ቀጭን፣ በጨለማው ውስጥ ተሰማች፤
አንድ ሰው ሳል ሳለ፣ አንድ ብርጭቆ ተነሣ፣
ከውጭ ጄኔሬተሩ ሁለቴ ተንደቀደቀና ሦስተኛው ላይ ነደደ።
አረንጓዴው ቁጥር መጣ።
አልረሳም።
እኔ ግን ከየት እንዳቆምሁ
ለአፍታ ጠፋኝ።