አርባ ሰከንድ

ድስት ቁጥር አሥራ ሰባት፤ ዓርብ፣ ከቀትር በኋላ፤
ስድሳ እጅ እምቦጭ፣ አርባ እጅ ደንገል፤ የቀረ የለም ሌላ።
ሶዳው ካለፈው ሳምንት የተረፈ፣ ከጆንያው ጥግ የተራገፈ፤
ሙቀት መለኪያው መቶ ሃምሳ ሲል መብራቱ ሄደ፤ ድስቱም አረፈ።

ጢስ ዓባይ እዚህ አፍንጫችን ሥር፣ ባሕር ዳር ግን ጨለማ ውጧታል፤
ከመንገድ የቀረ እሳት፣ ጥሬን ከብስል በምን ይለያል?

ስንከፍተው ሸተተን፤ የረጋ ረግረግ፣ የበሰበሰ ጎመን፤
ጣቴን ሰድጄ አሸሁት፤ ግማሹ ለስልሶ፣ ግማሹ ገመድ መሰለን።
ማስተዋል ወንፊቱን ነክራ አነሳች፤ ውሃው ግን አልወርድ አለ፤
እንደማይሄድ እንግዳ፣ ሽቦው ላይ ተንጣለለ።
አምስት ደቂቃ፤ ስድስት፤ ሰባት፤
ለአንዲት ቅጠል ወረቀት።

እምቦጭ እንዲህ ነው፤ ሐይቁን እንደያዘ ወንፊታችንንም ያዘ፤
መጠጣት እንጂ መልቀቅ አያውቅም፤ እኛን አቁሞ እሱ ፈዘዘ።

ከቤተ ሙከራው ጓሮ ሠላሳ አንድ ጀሪካን አለ፤
ጥቁሩ ውሃ ነው፤ የአሥራ ሰባት ድስት ጥፋት፣ ታሽጎ ተደርድሮ የዋለ።
አንሙት፣ የሂሳብ ሹሙ፣ አፍንጫውን ይዞ ቆጠረ፤
«ዓባይ እዚሁ ነው» አለኝ፤ «እስከ ዛሬስ ማን ምን ተናገረ?»

አላፈሰስኩም።
ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ከድልድዩ በታች ልብስ የምታጥብ እህት አለችኝ፤
ማታ ከራት ላይ «ውሃውን ምን ነካው?» ብላ ብትጠይቀኝ
ምን ልላት ነው?

ሰኞ ጋሽ እንድሪስ መጡ፤ ታንኳ ሠሪው፤ ደንገል የምንገዛቸው፤
ያልተከፈለ የሁለት ሸክም ሂሳብ ነበር ያመጣቸው።
ከገንዳው እፍኝ ዘገኑ፤ ጨመቁ፤ በአውራ ጣት ፈተጉ፤
ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱና ብርሃን ላይ ዘረጉ።

«ይኼ የሐምሌ አጨዳ ነው፤ ውሃ የጠገበ፣ ልቡ ያልቆመ፤
ታንኳ ብሠራበት ጎርጎራ ሳይደርስ ከመሐል በሰጠመ።
የጥሩ ነበር የሚሻላችሁ፤ ሥሩንም ከጫፉ አትቀላቅሉ፤
ሥሩ አዛውንት፣ ጫፉ ልጅ፤ በአንድ እሳት እኩል አይበስሉ።»

ማስተዋል ደብተር አወጣች። እኔ አፈርኩ፤
ሁለት ዓመት ሙሉ የሶዳ ልክ ስቀያይር፣ የታጨደበትን ወር አልጠየቅኩ።

ጥርን ጠበቅን።

ድስት አሥራ ስምንት፤ ጫፍ ብቻ፤ እምቦጩን ወደ ሩብ ዝቅ አድርገን፤
መብራቱም ራራልን፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳያዋርደን።
ውሃው ወረደ፤ ሳይለመን፣ ሳይጎተት፤
አሥራ አንድ ሰከንድ። ማስተዋል ሰዓቷን ደግማ አየችው፣ ቆሞ እንደሁ በማለት።
ወጣች ቅጠሏ፤ ቡኒ፣ ሸካራ፣ ዳሯ አይጥ የነከሰው መሳይ፤
ከመስኮቱ ሰቀልናት፣ የሚመጣ የሚሄደው እንዲያይ።

ስትደርቅ ብዕር አነሳሁ፤ «ለግዥ ክፍል፦ የጥቁር ውሃ ማጣሪያ ስለመጠየቅ» ብዬ ጀመርኩ፤
«ለ» ሆዷ አበጠ፣ «ግ» ጠፋች፤ ለካ ስታርቹን ዘንግቼ ነበርኩ።
ተቀቅሎ፣ ተቀጥቅጦ፣ ደርቆም፣ እምቦጭ መስፋፋቱን መች ተወው፤
ሐይቁን በልቶ ያልጠገበ፣ ማመልከቻዬን ቀመሰው።

ጋሽ እንድሪስ ሳቁ። ቅጠሏን ተቀበሉኝ፤ አጠፉ፤ መልሰው አጠፉ፤
ሁለቱን ጫፎች ቀና አድርገው በደንገል ክር ሰፉ፤
ገንዳው ላይ አኖሯት።

ትንፋሻችንን ውጠን ቆምን፤ አንሙት እንኳ ከበሩ ላይ ቀረ፤
ማስተዋል ጮክ ብላ ቆጠረች፤ አርባ ስትል አንድ ጎኗ ራሰ፣ ዞረ፤
ሰጠመች።

ማንም ምንም አላለም።
ጋሽ እንድሪስ እጃቸውን በጋቢያቸው አብሰው «ሂሳቤስ?» አሉ።

እኔም መዝገቡን ገልጬ ጻፍኩ፦
ድስት አሥራ ስምንት። ውሃን የመቋቋም ፈተና፦ አርባ ሰከንድ።
ጭነት፦ የለም።
ጀሪካን፦ ሠላሳ ሦስት።