የማክሰኞ ገጽ

ቫልፓራይሶ፣ ወደቡ ዳር፣ ከመስታወት በታች ተኝቶ
የሆቴሉ መዝገብ አለ፣ ዳኛ አሳምኖ፣ ክርክር ረትቶ።
ሴናተሩን የገደለው ማክሰኞ ማታ እዚህ አደረ፤
ስም፣ ሰዓት፣ ፊርማ፣ የክፍል ቁጥር፤ ምንም አልቀረ።

እኔ ኤርሲሊያ፣ የመዝጋቢው ልጅ፣ ጎንበስ ብዬ አየሁ።
አባቴ ግራኝ ነበር።
መዳፉ ብዕሩን እየተከተለ ያልደረቀ ቀለም ይጎትታል፤
ለቅዳሴ ሲቆም እንኳ ትንሿ ጣቱ ሰማያዊ ናት።
የሰኞው ገጽ ጨቅይቷል፣ የረቡዕም ተዥጎርጉሯል፤
የማክሰኞው ብቻ
እንደ ሙሽራ መሀረብ ነጽቷል።

«በቃል ያለ ይረሳል» አለኝ ዘቡ፣ «የተጻፈ ይወረሳል»።
እሺ፣ ወረስን። ግን ሟች ያላወረሰንን
የትኛው ገዳይ ያወርሰናል?

ሰዓቱን አየ፤ ሊዘጋ ነው።
መስታወቱ ላይ የጣቴን አሻራ ትቼ ወጣሁ።
ጠዋት ይወለውሉታል።