ከግድግዳው ወዲህ

ጎንደር፣ አራዳ፣ ከሰዓት ጠጋኙ ሱቅ በላይ፣
ሁለት ክፍል አለን፤ በቆርቆሮው ሽንቁር ሰማይ የሚታይ።
ሰሌዳ እንነድፋለን ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ፣
ንድፉን ላሻው ሁሉ፣ ያለ ዋጋ፣ ያለ አደራ።
ልቡ ግን የሰው ነው፤ መሀሉ ላይ የሚቀመጥ
ጥፍር የሚያህል ጥቁር ድንጋይ፣ ሆዱ የማይገለጥ።
እግሮቹን ቆጠርሁ፤ ሁለት መቶ አምሳ ስድስት።
ቁልፉን አልሰረቅሁም፤
የቁልፉን ቀዳዳ ነው የለካሁት።

ጠበቃው አቶ ጓንጉል፣ ቢሯቸው ከፍርድ ቤቱ ተራ፣
በመዳፋቸው መዘኑት፣ እንደሚጠረጠር ጠገራ።
«እግሩን ከውጭ መለካት በደል ነው አልልም፤
ከደጅ ቆሞ ያየን ሰው ሕግ ቶሎ አይከስም።
ስሙን ግን እንዳትጽፊበት፤ ስምም ባለቤት አለው።
ፓተንት ካለ ደግሞ ሳታውቂ ብትረግጪውም ያው ነው፤
‹በሬዬ ነው የገባው› ብትይ፣ አዝመራው ካሳ ይጠይቃል።»
ከዚያ እንደ ንስሐ አባት ዝቅ ብለው፦
«የውስጡን ሰነድ... ዓይንሽ አይቶታል?»

አይቶታል።
ባለፈው ክረምት፣ መብራት ጠፍቶ፣ ከስልኬ ላይ፤
ጓደኛ የላከው፣ «ምስጢር» የሚል ማኅተም ከላይ።
እሱ የፈረመውን ውል፣ እኔ ሳልፈርም ጣስሁት።
ፋይሉን አጥፍቼዋለሁ፤
ገጽ አርባ ሁለትን ግን ከዓይኔ በምን ላጥፋው?

«ያየ ዓይን አይነድፍም» አሉ፤ «ያላየ እጅ ይሥራው።»

እና አዛናው ከግድግዳው ወዲያ፣ እኔ ወዲህ።
በሩ ላይ መዝገብ ተሰቅሏል፤ ማን ገባ፣ ማን ወጣ።
ሦስት ቺፕ ተቃጠለበት፤ ሽታው በበሩ ሥር መጣ።
የትኛው ቮልቴጅ ይቅደም? ይኸው ነው የሚፈልገው፤
ገጽ አርባ ሁለት፣ ሦስተኛው መስመር፤
ምላሴ ጫፍ ላይ ነው።

«ትርንጎ!» ይለኛል፣ ግድግዳውን በጣቱ እየመታ፤
«አትናገሪ እሺ፤ ልክ ከሆንሁ አስነጥሺ፣ ላንድ አፍታ!»
በሕግ አምላክ! አልሁ ለራሴ፣ በሆዴ።
በዚህ ቃል የሚሮጥ ሰው ይቆም ነበር በመንገዱ፤
እኔ አንድ ማስነጠስ አቆምሁበት።

ዝናቡ በቀሃ በኩል መጣ። «ልብስህን አስገባ» አልሁት፤
ይህን መናገር ይፈቀዳል፤ መዝገቡ ላይም ጻፍሁት።
ከታች ስንት ሰዓት ይቆጥራል፣ አንዱ ካንዱ አይስማማም።
አራተኛውን ቺፕ እያስገባ ነው።
አምስተኛ የለንም።